ዛፍ ያጣ አበባ

(በሰበታ ለነዋሪዎችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰብን፣ ችግኝ የምናፈላ ሰዎች ነን። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እናፈላለን። ዛሬ ግን ልናነጋግራችሁ የመጣነው ስለ አንድ አበባ ነው። አበባው ኦርኪድ ይባላል። መጀመሪያ በእሱ ላይ የሠራነውን ጥፋት እንነግራችኋለን። ከዚያም ከጥፋቱ የተማርነውን እናካፍላችኋለን።

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በከተማ አበባ ቤት የሚሸጠውን፣ ከውጭ አገር የመጣውን ነው። ስሙ የውጭ ነው፤ ተክሉ ግን የእኛም ነው። በዓለም ላይ ከ25 ሺህ የሚበልጡ የኦርኪድ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ150 በላይ የሚሆኑት በኢትዮጵያ ይበቅላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004፣ ስለ አገራችን ኦርኪዶች አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። እኛ ግን በየቀኑ በሥሩ እያለፍን አናውቀውም ነበር።

የአገራችን ኦርኪዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በመሬት ላይ፣ በሣር መካከል ይበቅላሉ። ሌሎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። በዛፍ ላይ ከሚኖሩት አንዱ ሊቃውንት ኤራንጊስ የሚሉት ወገን ነው። ቅጠሉ ወፍራምና አረንጓዴ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ኮከብ ይመስላል። ከአበባው ኋላ ቀጭን ጅራት ይንጠለጠላል። በአንዳንዱ ዓይነት ይህ ጅራት ወደ አንድ ስንዝር ይጠጋል። ከዚህ ወገን አንዱን፣ የኢትዮጵያን ዕፅዋት የመዘገበው ፈረንሳዊ አሺል ሪሻር በ1850 ገደማ በመጽሐፉ ጽፎታል። እንግዲህ በመጽሐፍ ከተመዘገበ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ደን ገብተው ስምንት እግር ኦርኪድ ከዛፍ ላይ ገንጥለው አመጡ። ገበያ ያወጣል ብለን ነበር። በወተት ጣሳ ጥቁር አፈር ሞላን። ፍግ ጨመርንበት። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። እንደ ጎመን ያዝነው ማለት ነው! ሦስቱን መንገድ ዳር ሸጥን፤ አምስቱን ለራሳችን አስቀረን።

ወር ሳይሞላ ሥሩ ጠቆረ። ቅጠሉም እየለሰለሰ መርገፍ ጀመረ። ከገዙን ሰዎች አንዷ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ጣሳውን ይዘው መጡ። ገንዘቤን መልሱ አላሉንም። ጣሳውን መሬት አስቀምጠው፦

«ልጆቼ፣ ይኼን ከየት ነው ያመጣችሁት?» አሉን።

«ከደን ነው እማማ፤ ከዛፍ ላይ» አልናቸው።

«ታዲያ ዛፉንስ የት ጣላችሁት? ዛፍ ያጣ ጉሬዛ አደረጋችሁት እኮ! በምን ይኑር?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ስምንቱም ሞተው ነበር። ያን ጊዜ ነው የእማማ ነገር የገባን። ከዚያ ወዲህ እየጠየቅንና እያነበብን ለምን እንደሞቱብን አወቅን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ተክሉን ተቀጽላ ነው ብለን ማሰባችን ነው። ተቀጽላ ጥገኛ ነው። ሥሩን ወደ ዛፉ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውሃና ምግብ ይመጣል። ኦርኪድ ግን እንዲህ አያደርግም። ሥሩ ቅርፊቱን ጨብጦ ይይዛል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ምግቡን ራሱ በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል። በቅርፊቱ ስንጥቅ ከሚጠራቀመው ብስባሽም ጥቂት ይለቅማል። ዛፉ ለኦርኪዱ መቀመጫው ነው፤ ማዕዱ አይደለም። አንዳንድ ሰው «ዛፌን ይገድልብኛል» ብሎ በቢላዋ ሲፍቀው እናያለን። ዛፉን የሚጠቅም መስሎት ነው። ግን ያለ ጥፋቱ ነው የሚቀጣው።

ሁለተኛው ስሕተታችን ሥሩን በአፈር መቅበራችን ነው። በዛፍ ላይ የሚኖር ኦርኪድ ሥሩ በስፖንጅ መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። ዝናብ ሲመታው ውሃውን ቶሎ ይጠጣል፤ ከዚያ ነፋስ ያደርቀዋል። ሲደርቅ እንደ አመድ ነጣ ይላል። ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ሥር መተንፈስ አለበት። በጣሳ ጭቃ ውስጥ ስንቀብረው አፈንነው። የገደልነው ውሃ ነፍገነው ሳይሆን አብዝተንለት ነው።

«ታዲያ ስምንት ቢሞት ሌላ ስምንት ይበቅላል» የሚል ይኖራል። እኛም ብለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እስቲ የጤፍን ፍሬ አስቡ። ጤፍ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በሆዷ ስንቅ ይዛለች። ያ ስንቅ ሥር እስክታወጣ ያቆያታል። የኦርኪድ ዘር ከጤፍ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ዱቄት ነው የሚመስለው። በአንድ ፍሬ ውስጥ ሺዎች፣ በአንዳንዱም ከሚሊዮን በላይ ዘር ይገኛል። ነፋስ አንሥቶ ይወስደዋል። ይሁን እንጂ ዘሩ ስንቅ የሌለው መንገደኛ ነው። በራሱ መብቀል አይችልም።

ይህን መንገደኛ ተቀብሎ የሚያበላው ፈንገስ ነው። ፈንገስ የእንጉዳይና የሻጋታ ወገን ነው። እንደ ሸረሪት ድር በቀጠኑ ክሮቹ ወደ ዘሩ ይገባና ምግብ ያደርስለታል። ይህን ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ያገኘው ፈረንሳዊው ወጣት ተመራማሪ ኖኤል በርናር ነው። ከእሱ በኋላ በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ዘሩን ያለ ፈንገስ፣ በጠርሙስ ውስጥ በስኳርና በማዕድን ምግብ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በዓለም ገበያ የሚሸጠው ብዙው ኦርኪድ በእንዲህ ያለ መንገድ በቤተ ሙከራ የሚራባ ነው። በደን ውስጥ ግን ያ ፈንገስ ከሌለ ኦርኪድ የለም። ፈንገሱም የሚኖረው በአሮጌ ዛፍ ቅርፊት፣ በሽበትና በብስባሽ መካከል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እዚህም ድሩ ነው አበባውን የሚያቆመው።

ከበቀለ በኋላስ? ለማበብ ዓመታት ይወስድበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእሱ ይመስላል። እኛ በአንድ ቀን የገነጠልናቸው ስምንት እግሮች የብዙ ዓመት ልፋት ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ከቆመ ዛፍ ላይ ኦርኪድ ላንነቅል ተማማልን። ነገር ግን አጋጣሚ ሌላ በር ከፈተልን። ቡራዩ ውስጥ ቤት ሊሠራበት በታሰበ ቦታ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ተቆረጠ። ቅርንጫፎቹ ለማገዶ ሲከመሩ ከአንደኛው ላይ ሦስት እግር ኦርኪድ አየን። ባለቤቱን ለመንናቸው፤ ፈቀዱልን። አሁን ያገኘነውን ዕውቀት ተጠቅመን ሦስቱንም ከነቅርንጫፋቸው ወሰድናቸው። እንዴት እንደያዝናቸው አንድ በአንድ እንነግራችኋለን። እናንተም የወደቀ ወይም የተቆረጠ ዛፍ ላይ ብታገኙ እንዲሁ አድርጉ።

አንደኛ፣ ተክሉን ከቅርፊቱ አትገንጥሉት። ቅርንጫፉን ከተክሉ በላይና በታች በመጋዝ ቁረጡት። የግድ ከተላቀቀም ሥሩን ሳትሰብሩ ቅርፊቱ ሻካራ በሆነ የወይራ ግንድ ላይ አስቀምጡትና በቃጫ ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አላልታችሁ እሰሩት። ሽቦ አትጠቀሙ፤ ይቆርጠዋል። ሥሩ አዲሱን እንጨት ሲጨብጥ እስሩን ፍቱለት።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ምረጡ። የማለዳ ፀሐይ የሚነካው፣ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው፣ ነፋስ የሚዘዋወርበት ቦታ ይስማማዋል። በጓሮ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤት ጣራ ክፍክፍ ሥር ማንጠልጠል ይቻላል። የማድ ቤት ጭስ ግን አይስማማውም። ሱሉልታ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ገላጣው ሜዳ ይበርዳል። በእነዚህ ወራት ወደ ግድግዳ አስጠጉት።

ሦስተኛ፣ ውሃን በልክ ስጡ። በክረምት ደጅ ካለ ዝናቡ ይበቃዋል። በበጋ ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በማለዳ እርጩለት። ሥሩን ተመልከቱ። አመድማው ሥር አረንጓዴ ሲሆን ጠግቧል፤ ተዉት። እንደገና እስኪነጣ ድረስ አትጨምሩ። የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ መጠቀም ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በባልዲ ይደር። በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ተጠራቅሞ እንዳያድር ተጠንቀቁ፤ ያበሰብሰዋል።

አራተኛ፣ ፍግ አታድርጉበት። በዛፍ ላይ የኖረ ተክል ጥቂት በልቶ ማደር የለመደ ነው።

አምስተኛ፣ ንጽሕናውን ጠብቁ። ከቅጠሉ ሥር የሚለጠፉ ጥቃቅን ተባዮች ካያችሁ ሳሙና በሟሟበት ውሃ ጨርቅ ነክራችሁ በቀስታ ጥረጉ። ቀንድ አውጣ ለጋውን ሥርና እንቡጡን ይበላል፤ በምሽት ፈልጋችሁ ልቀሙት።

ስድስተኛውና ትልቁ ትእግሥት ነው። የእኛዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት ምንም ሳያሳዩን ቆዩ። አንደኛው ሞተ። ሁለቱ በሁለተኛው ዓመት አዲስ ሥር አወጡ። በሦስተኛው ዓመት አንዱ አበበ።

ሲያብብ ያቺን እናት ጠራናቸው። በቀን መጥተው አዩት። «ያምራል፤ ግን ሽታ የለውም» አሉ። «ትንሽ ይቆዩ እማማ» አልናቸው። ቡና ተፈላ። ጀንበር ጠልቃ ሲጨልም ሽታው መጣ። ግቢውን ሞላው። እማማ ሲኒያቸውን እንደያዙ ዝም አሉ።

ለምን በሌሊት ይሸታል? እንግዳው በሌሊት ስለሚመጣ ነው። እንግዳው የእሳት እራት ናት። ማሩ በዚያ በረጅሙ ጅራት ውስጥ ከታች ነው ያለው። ረጅም ምላስ ያላት የእሳት እራት ብቻ ትደርስበታለች። ማሩን ስትመጥ የአበባው ብናኝ ይለጠፍባታል፤ ወደ ሌላው አበባ ታደርሰዋለች። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን ከማዳጋስካር የተላከለትን አንድ ነጭ ኦርኪድ ሲያይ፣ ጅራቱ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሆኖ አገኘው። እዚያ አገር ይህን የሚያህል ምላስ ያላት የእሳት እራት መኖር አለባት ብሎ በ1862 ጻፈ። ብዙዎች አላመኑትም። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1903፣ የእሳት እራቷ ተገኝታ ስም ወጣላት።

የእኛው አበባ ግን እንግዳው አልመጣለትም። ሳምንታት ቆይቶ ረገፈ። ፍሬ አልያዘም። በዓመቱም አበበ፤ አሁንም ፍሬ አልያዘም። ብንጠይቅ ምክንያቱን ለመገመት አልከበደንም። በዙሪያችን ቤት እንጂ ደን የለም። ሌላ የሚያብብ ኦርኪድም በአካባቢው የለም። ተክሉ በእኛ እንክብካቤ ይኖራል፤ ልጅ ግን የለውም። ሲሞት በዚያው ያበቃል።

ወገኖቻችን፣ ልንነግራችሁ የመጣነው ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድን ኦርኪድ በግቢ ማኖር ይቻላል። ዘሩን የሚያቆየው ግን ደኑ ነው። አሮጌው ዛፍ፣ ፈንገሱና የእሳት እራቷ አንድ ላይ ካልኖሩ እኛ የቱንም ያህል ውሃ ብናጠጣው ዛፍ ያጣ አበባ ነው።

በመሬት ላይ ስለሚበቅሉትም ጥቂት እንበል። እነዚህ በክረምት ከሣር መካከል ቀጥ ብለው ወጥተው ያብባሉ። አንዳንዱ አረንጓዴ ነጭ ነው፤ አንዳንዱ ሮዝ ነው። ከብዙዎቹ ሥር ሁለት ትናንሽ ድንች መሰል ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የዘንድሮውን ተክል የሚመግበው አሮጌው ነው። ሁለተኛው ለከርሞ የሚዘጋጀው አዲሱ ነው። በበጋ ቅጠሉ ደርቆ ይጠፋል። ሞተ ማለት አይደለም፤ ከመሬት በታች ተኝቷል። የነቀለው ሰው የዘንድሮውንም የከርሞውንም አብሮ ነቀለ። በዛምቢያ ሰዎች ይህን ሥር ቆፍረው ከለውዝ ጋር አብስለው ይበላሉ። የሚፈልገው ሰው እየበዛ ሲሄድ በብዙ ቦታ ከመስኩ ተመናመነ። ከጎረቤት አገሮችም እየተጫነ መምጣት ጀመረ።

የሱሉልታ ሜዳ በወተትና በድርቆሽ የታወቀ ነው። ድርቆሽ ማጨድ በራሱ ለእነዚህ ኦርኪዶች ክፉ አይደለም። ጊዜው ነው ወሳኙ። ፍሬው ደርቆ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ቢታጨድ ተክሉ ተኝቶ ስለሚሆን አይጎዳም። ሳያፈራ ቢታጨድ ግን የዓመቱ ዘር ጠፋ። ስለዚህ አበባው በብዛት የሚታይበትን ጥግ መጨረሻ እጨዱት። ለመስቀል አበባ የምትቀጥፉ ልጆችም አደይ ሞልቶላችኋል፤ ኦርኪዱን እዩት እንጂ አትንቀሉት።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። ከሰበታ በላይ የወጨጫን ተራራ ታያላችሁ። በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይነገራል። እስከ ዛሬ ድረስ በውስጡ ጽድ፣ በኦሮምኛ ጋትራ፣ ይገኛል። ወይራ ወይም ኤጀርሳ፣ ዝግባ ወይም ቢርቢርሳ፣ ኮሶ ወይም ሄጦም አሉበት። ጉሬዛውም ዛፉን አላጣም። ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆየው በየዘመኑ የሚጠብቀው ሰው ስለነበረ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ሌሎች ኮረብታዎች ግን በብዛት በባሕር ዛፍ ተሸፍነዋል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ውለታውን አንክድም፤ ማገዶ ሆኖናል፤ ቤት ሠርቶልናል። ለኦርኪድ ግን አይሆንም። ነጩ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል። ዓመታት ጠብቆ የሚያድግ ተክል በሚላጥ ቅርፊት ላይ እንዴት ይቀመጣል? ደግሞም ባሕር ዛፍ ሳያረጅ ይቆረጣል። ወይራው ግን ሻካራ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቤትና መንገድ በየቀኑ ይሠራል። ሰው መጠለያ ያስፈልገዋል፤ አትሥሩ አንልም። የምንለምናችሁ አራት ነገር ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ አገር በቀል ዛፍ ካለ ቤታችሁን ከእሱ ፈቀቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ከቀጫጭን መቶ ችግኞች ይልቅ ለኦርኪድ አንድ ሽማግሌ ወይራ ይበልጥበታል።

ችግኝ ስትተክሉ ከባሕር ዛፉ ጎን ወይራ፣ ጽድና ዝግባም ትከሉ። ኦርኪዱን እኛ አናይበት ይሆናል፤ ልጆቻችን ያዩበታል።

ዛፍ መቆረጡ የማይቀር ከሆነ ቅርንጫፎቹ ማገዶ ከመሆናቸው በፊት ላያቸው ላይ ያለውን ተመልከቱ። ኦርኪድ ካለበት ለእኛ ወይም ለጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ንገሩ።

መንገድ ዳር ከደን የተነቀለ ኦርኪድ ሲሸጥ ብታዩ አትግዙ። ገዢ ካለ ነቃይ አይጠፋም። እኛም ገዢ አለ ብለን ነው የነቀልነው። የዱር ኦርኪድን ከአገር ወደ አገር ያለ ፈቃድ መሸጥ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ አገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ወደዚህ ስምምነት ገብታለች። ሕጉ ባይኖርም ግን የስምንቱ ጣሳ ነገር ለእኛ በቂ ትምህርት ሆኖናል።

ያች እናት ባለፈው ጊዜ ሲመጡ አንድ የወይራ ችግኝ ከእኛ ወሰዱ። «ለአበባው ነው» አሉን። «እማማ፣ እስኪያድግ እኮ ብዙ ዓመት ነው» አልናቸው። «እናንተ ስምንቱን በአንድ ቀን ነቀላችሁ፤ እኔ አንዱን በብዙ ዓመት ብተክል ምን አለበት?» ብለው ችግኙን ታቅፈው ሄዱ።



ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ተቀጽላና በዛፍ ላይ የሚኖር ኦርኪድ በምን ይለያያሉ?
2. የኦርኪድ ዘር «ስንቅ የሌለው መንገደኛ» የተባለው ለምንድን ነው?
3. ተናጋሪዎቹ በግቢያቸው ያኖሩት ኦርኪድ አብቦ ፍሬ ያልያዘው ለምን ይመስላችኋል?
4. በቀበሌያችሁ ያሉትን ያረጁ አገር በቀል ዛፎች ቁጠሩ። በላያቸው ላይ ምን ምን ይኖራል? ሳትነቅሉ አይታችሁ ጻፉ።